የሐጂ ይማም ምርቃት

ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው የእድር አዳራሽ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፤ ሐጂ ይማም ለነገው ስብሰባ ወንበር እየደረደረ ነው፣ ታናሽ እህቱ ሉባባ፣ ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ጃንጥላዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

ሉባባ፦ አላስተረጉምም አልሁህ እኮ። በስልክም አልሁህ፣ በጎረቤትም ላክሁብህ፣ አሁን ደግሞ በእግሬ መጥቼ እየነገርሁህ ነው።

ይማም፦ በእግሯ የመጣች ሴት እሺ ልትል ነው የመጣችው። እምቢ የሚል ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

ሉባባ፦ ቤቴ ስቀመጥማ ስሜን በር ላይ ለጠፍኸው። "አስተርጓሚ፦ መምህርት ሉባባ" ይላል። ማን ፈቀደልህ?

ይማም፦ ክብር ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

ሉባባ፦ ላጠው።

ይማም፦ ሙጫው ደርቋል።

ሉባባ፦ ያንተ ነገር ሁሉ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው ለሰው የሚነገረው።

ይማም፦ ቁጭ በይ እስቲ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንግዳው እዚህ ይቆማል። ከአውሮፓ ድረስ፣ የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው፣ ስለ ቤተሰብ ሊናገር። የሰፈሩ ሽማግሌ በሙሉ ተጠርቷል። ሰውየው የሚናገረው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ልጅ ስታስተምሪ ያልደከመ አፍ፣ ለወንድምሽ አንድ ሰዓት ይደክማል?

ሉባባ፦ አፌ አልደከመም። ሰውየው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ይማም፦ እኔም አውቃለሁ። ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይላል። ጽንስ ማስወረድ ነፍስ ማጥፋት ነው ይላል። ልጅ እናት አባቱን ያክብር፣ ሴት ገላዋን ትሸፍን ይላል።

ሉባባ፦ እስከ አንገቷ። ከአንገቷ በላይ ከሸፈነች ሕግ አርቅቆባታል።

ይማም፦ አትቁረጭኝ። ለሕፃን ልጅ የማይነገር ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ አይነገር ይላል። እስቲ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐራሙን አውጭልኝ።

ሉባባ፦ እናታችን ሠርግ ተጠርታ ሥጋ ሲቀርብላት ምን ነበር የምትጠይቀው?

ይማም፦ ይሄን ከዚያ ምን አገናኘው?

ሉባባ፦ መልስልኝ።

ይማም፦ "ማን አረደው?"

ሉባባ፦ በሬው ያው በሬ ነው። የክርስቲያኑም የእስላሙም ከአንድ ገበያ ተነድቶ የመጣ ነው። ወሎ ለሠርግ ሁለት ድስት የሚጥደው ቢላውን የሚይዘው ሰው ስለሚለያይ ነው። አንተ ሥጋውን አይተህ ምራቅህን ዋጥህ። እኔ ቢላውን ማን እንደያዘ እየጠየቅሁህ ነው።

ይማም፦ መቼም ምሳሌ አያጥርሽም።

ሉባባ፦ በአገሩ ሻሽ ያሰረች ሴት በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳትሠራ ሕግ ያረቀቀው እሱ ነው። መስጊድ እንዳይሠራ ከቤት ቤት ዞሮ ፊርማ የሰበሰበው እሱ ነው።

ይማም፦ ይሄን የሚያወሩበት ጠላቶቹ ናቸው።

ሉባባ፦ በገዛ አፉ ነው ያወራው፣ በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለህ ጠራኸኝ፤ ያወቅሁትን ስነግርህ ደግሞ ጠላት ነው ያወራው ትላለህ።

ይማም፦ ስሚኝ ሉባባ። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የፈረንጅ ፖለቲካ ሁለት በር ብቻ እንዳለው ይገባኛል። ግራ የሚባሉት ሻሽሽን ይፈቅዱልሽና ልጅሽን ይወስዱብሻል። ቀኝ የሚባሉት ልጅሽን ይተዉልሽና ሻሽሽን ይወስዱብሻል። እኔ ሻሹ ይሂድ ባይ ነኝ። ልጅ ከቁራጭ ጨርቅ ይበልጣል።

ሉባባ፦ ሻሹ ማን ራስ ላይ እንዳለ አይተሃል? ያንተ ራስ ላይ ኮፍያ ነው ያለው፣ እሱንም ማንም አልነካብህም። በሰው ራስ ላይ ያለ ሻሽ ይሂድ ማለት ምን ይከብዳል?

ይማም፦ እዚያው አውሮፓ ያለችው የአብዱ ልጅ በስልክ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? የልጄ ልጅ፣ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጾምሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት "ይሄ የግል ጉዳዬ ነው" አለችኝ። አብዱ አጠገቧ ሆኖ ይተረጉምልኛል። ለአያቷ እንዲህ በይ ብሎ ማን አስተማራት? ግራዎቹ ናቸው ያስተማሯት። አብዱም ከዚህኛው ሰውዬ ጋር የቆመው በዚህ ነው፤ ልጄን ያስቀሩልኛል ብሎ።

ሉባባ፦ ልጅቷ አማርኛ እንኳ ያልቻለችው በግራዎቹ ነው? አብዱ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን አስተምሯታል?

ይማም፦ ሩቅያስ? እዚያው አገር አደባባይ ስትወጣ አብረዋት የሚጮሁት እነማን ናቸው? ባንዲራቸውን በፎቶ አይቻለሁ። ቁርኣን ያኸተመች ልጅ፣ ያንች ልጅ፣ ከነዚያ ጋር ትከሻ ለትከሻ።

ሉባባ፦ ትመርጣቸዋለች እንጂ አትከተላቸውም። ዝናብ ሲይዝህ የምትጠለልበትን ቤት ባለቤት ሃይማኖቱን ትጠይቀዋለህ?

ይማም፦ ዝናቡ ሲያባራ መውጣት ያቅታታል እንጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሉባባ፦ ያ ተረት ላንተ ነው የተተረተው።

ይማም፦ ይልቅ ይሄን መልሽልኝ። ከቄስ አለባቸው ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖርን። በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። ከእሱ ጋር ስቀመጥ ማንም ምንም አላለኝም። ዛሬ በሁሉ ነገር የሚስማማኝ ሰው መጣ ስል ምነው ፊትሽን አጠቆርሽብኝ?

ሉባባ፦ ቄስ አለባቸው የአባታችንን መቃብር ሲቆፍሩ ነው የዋሉት። በምንም ሳትስማሙ በርህን ዘግተውብህ አያውቁም። ይሄኛው በሁሉም ይስማማሃል፣ በርህን ግን ይዘጋዋል። እኔ መስማማት ምን ያደርግልኛል?

ይማም፦ በርሽን የዘጋሽው ራስሽ ነሽ። ሩቅያ ስትሄድ ብዬሽ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር አትሻገርም ብዬሽ ነበር።

ሉባባ፦ ብለኸኛል። በዚያው ወር አብዱን በመንዙማ ሸኘኸው።

ይማም፦ አብዱ ወንድ ነው።

ሉባባ፦ ወንዱ ልጅህ አሥራ አንድ ዓመት ደጅህን አልረገጠም። ሴቷ ልጄ በየሁለት ዓመቱ መጥታ ጉልበትህን ትስማለች።

ይማም፦ ነገ ይመጣል።

ሉባባ፦ ማን? አብዱ?

ይማም፦ ከእንግዳው ጋር። ለሰውየው ነው የሚሠራው፣ አማካሪው ነው። መድረኩ ላይ ሦስቱን ወንበሮች አየሻቸው? መሐሉ የእንግዳው ነው። በቀኝ ያለው የኔ። ያ ጨርቅ ያለበስሁት የአብዱ ነው።

ሉባባ፦ እንዲህ በለኝ እንግዲህ። እኔን ቤተሰብ፣ ሥነ ምግባር እያልህ ታደርቀኛለህ።

ይማም፦ ቤተሰብ ማለት ልጅን ማየት ካልሆነ ምንድን ነው?

ሉባባ፦ አብዱ ከመጣ ለምን እሱ አያስተረጉምም? አማርኛው ጠፋበት?

ይማም፦ መድረክ ላይ ነው የሚቀመጠው አልሁሽ።

ሉባባ፦ ተቀምጦ ማስተርጎም አይቻልም?

ይማም፦ ጉሮሮውን አሞታል።

ሉባባ፦ ገና ሳይደርስ ጉሮሮው ታየህ?

ይማም፦ ሴት ስታስተረጉም እንግዳውን ደስ ይለዋል ተብሎ ነው።

ሉባባ፦ ሦስት ምክንያት ሰጠኸኝ። እውነት ቢሆን አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ይማም፦ አስተማሪነትሽን እዚያው ትምህርት ቤትሽ ተይው።

ሉባባ፦ እሺ፣ እሱን ልተወው። ምርቃቱንስ የት ልተወው?

ይማም፦ የምን ምርቃት?

ሉባባ፦ ከረመዳን በፊት በስልክ ተቀርጸህ ለአብዱ የላክኸው።

ይማም፦ አለቃዬን መርቅልኝ አለኝ፣ መረቅሁለት። ወሎ ውስጥ መርቁኝ ያለን ሰው ማን ይመልሳል? አባታችን ሌባ እንኳ ቢመጣበት "አላህ ከሌብነት ያውጣህ" ብሎ መርቆ ይሸኝ ነበር።

ሉባባ፦ አባታችን ሌባ መሆኑን አውቆ ነው የመረቀው። አንተ ምን ብለህ መረቅህ?

ይማም፦ የሚባለውን ነዋ።

ሉባባ፦ ድገመው።

ይማም፦ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ዘርህን ያብዛው፣ ደጅህን ያስከብርልህ፣ ጠላትህን ከእግርህ ሥር ያንጥፍልህ። ሁላችንም የምንለው ነው። አንችንም ስትዳሪ እንዲሁ ብዬሻለሁ።

ሉባባ፦ እኔ ጠላት አልነበረኝም። እሱ አለው። ጠላትህ ማን ነው ብለህ ጠይቀኸዋል?

ይማም፦ ሊመርቅ እጁን የዘረጋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል?

ሉባባ፦ ሰውየው ከምርጫው በፊት በየአደባባዩ አሳየህ። ነጭ ጋቢህን ለብሰህ፣ እጅህን ዘርግተህ። ከሥር የተጻፈው ትርጉም አንድ ቃል አልተዛነፈም፤ አብዱ ጎበዝ ነው። ከዚያ ሰውየው ወጣና ምን አለ መሰለህ? "ይህ አዛውንት የተከበረ ሰው ነው። የተከበረውም በአገሩ ስለተቀመጠ ነው። እኛ ዘንድ ያሉትን ወደ አገራቸው እንሸኛለን፤ እሱም መርቆናል።"

ይማም፦ እንዲህ አላለም።

ሉባባ፦ ስልኬ ላይ አለ። ላሰማህ?

ይማም፦ ለማይገባኝ ነገር ምን ታሰሚኛለሽ?

ሉባባ፦ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። አንተ ሳትጠየቅ አነጠፍህለት። ወንበርም ጨመርህበት።

ይማም፦ ፖለቲካ ነው። ለምርጫ የማይባል ነገር የለም። እዚህ ሲመጣ ሌላ ነው የሚናገረው።

ሉባባ፦ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እዚህ ጥሩ ጥሩውን ይናገራል። እኔ አሳምሬ እተረጉምለታለሁ፣ ሽማግሌው አሚን ይላል፣ አንተ ስለ ቤተሰብ አብረን እንሠራለን ብሎ ይዞት የሚመጣውን የስምምነት ወረቀት ትፈርማለህ። ያንንም ቀርጾ ወስዶ እዚያ ያሳየዋል።

ይማም፦ ቢያሳየውስ? ሩቅያ ትታሰራለች?

ሉባባ፦ ሩቅያ አዋላጅ ናት። በዚያች ከተማ ስንት ሕፃን በእጇ እንደተቀበለች እሷም ቆጥራ አታውቀውም። ሰውየው ውለዱ፣ ተባዙ እያለ ይዞራል፤ የወለዱትን የምትቀበልለት የኔ ልጅ ናት። ሕጉ ካለፈ ወይ ሻሿን ትፈታለች፣ ወይ ከሥራዋ ትወጣለች። የሚሰግዱበት ቤት፣ የድሮ ዳቦ ቤት ነው፣ ባለፈው ወር ታሸገ። ቁልፉ እሷ ጋ ነበር። ዘግታ ያስረከበችው ራሷ ናት።

ይማም፦ ለኢድ ስትደውል ደህና ነኝ ነው ያለችኝ።

ሉባባ፦ ላንተ ምን ብላ ትንገርህ? ለኔም የነገረችኝ በስንት ልመና ነው። አውቶቡስ የምትጠብቅበት አደባባይ ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ከሥራ ወጥታ ቆማ ሳለ ያንተ ፊት መጣ። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?

ይማም፦ ተይው።

ሉባባ፦ "እማዬ፣ አጎቴን ሳየው ናፍቆቱ ያዘኝና እጄን ዘረጋሁ። ሰው መሐል ቆሜ አሚን ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብሁ። ጠላት የተባልሁት እኔ ነኝ።" ይሄን ነው ያለችኝ።

 

ይማም፦ ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ምርቃት አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።

ሉባባ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አውቃለሁ። የነገው ግን ገና ከአፍህ አልወጣም። ደውልና ስብሰባው ቀርቷል በል።

ይማም፦ አብዱም ይቀራላ።

ሉባባ፦ ይቅር።

ይማም፦ ላንች ቀላል ነው። በየሁለት ዓመቱ ልጇን የምታቅፍ እናት ናት የምትናገረው። እኔ የልጄን ድምፅ እሰማለሁ እንጂ ፊቱን ረስቼዋለሁ። ሽበት እንዳወጣ የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። ወላሂ ከሸይጧን ጋርም ቢመጣ ወንበር እደረድርለት ነበር።

ሉባባ፦ እየደረደርህለት ነው።

ይማም፦ አፍሽን ያዥ።

ሉባባ፦ አልይዝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንተ ልጅህን እንድታይ ልጄ ሻሿን ትፍታልህ? ከሥራዋ ትባረርልህ?

ይማም፦ እኔ ነገሩ እንዲህ መሆኑን…

ሉባባ፦ ጋሼ፣ አላወቅሁም ልትል ነው?

ይማም፦ ልብስ ሰፊው ሸምሱ ቪዲዮውን በስልኩ አሳይቶኛል። ሐጂ፣ አውሮፓ ላይ ታዩ ብሎ፣ ደስ ብሎት። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቋንቋው አልገባኝም። ከኔ ፊት ቀደም ብሎ አንድ በር ይታያል። በሩ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፍ ታዞራለች። እሷ ስትዘጋ እኔ እጄን እዘረጋለሁ። ለአብዱ ደወልሁለት። ሰውየው ምን ይላል አልሁት። "አባዬ፣ ስለ አንተ ደግነት ነው የሚያወራው" አለኝ። ሴትዮዋስ አልሁት። "አላውቃትም" አለኝ።

ሉባባ፦ አላውቃትም አለ? ከአንድ ትሪ አብራው የበላችውን?

ይማም፦ እንግሊዝኛ አላውቅም። ፖለቲካም አታውቅም በይኝ። የእህቴን ልጅ ግን በጀርባዋ አውቃታለሁ። ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትቆመው፣ እንደ እናታችን።

ሉባባ፦ አውቀህ ነው። አውቀህ ነው ሻሹ ይሂድ ስትለኝ የዋልኸው።

ይማም፦ ጠርጥሬ ነው። ይሄን ያህል መሆኑን አላወቅሁም።

ሉባባ፦ ጠርጥረህ ስሜን በር ላይ ለጠፍህ።

ይማም፦ የለጠፍሁትስ ለዚህ አይደል? አብዱ ካስተረጎመ አሁንም ስለ ደግነትህ ነው ይለኛል። እኔም አምነዋለሁ። ልጄ ነዋ፣ ማመን ነው የምፈልገው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንች ከቆምሽ ግን መሸሻ የለኝም።

ሉባባ፦ አንተ መሸሻ እንድታጣ እኔ የልጄን ስድብ በአፌ ልተርጉም?

ይማም፦ ካንች ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።

ሉባባ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ግራ ቀኝ ምን ነበር?

ይማም፦ እሱንም አምንበታለሁ። ስለ ልጆች የሚለው ልክ ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም ልክ ነው እላለሁ። እውነት ከክፉ ሰው አፍ ብትወጣም እውነት ናት።

ሉባባ፦ እውነቱን ተቀበል፣ ማን ከለከለህ። ሰውየውን ማን ተቀበል አለህ?

ይማም፦ አብዱን ይዞብኛል። ምን ልበልሽ?

ሉባባ፦ እንግዲያ ስማ። ነገ እመጣለሁ። የሚለውን አንድ በአንድ እተረጉማለሁ። ሲጨርስ ግን አልቀመጥም፤ በአገሩ የተናገረውንም አንብቤ እተረጉማለሁ። ሽማግሌው ሁለቱንም ይስማ። ለሩቅያም ደውዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ይማም፦ ልታዋርጅኝ ነው። በሰፈሩ ፊት፣ በልጄ ፊት።

ሉባባ፦ አልጨረስሁም። ከዚያ ሰው ሁሉ ወዳንተ ዞሮ ምርቃት ይላል፣ ልማድ ነው። ሩቅያ አሚን የምትልበትን መርቅ። ካልቻልህ እጅህን አትዘርጋ።

ይማም፦ አብዱስ?

ሉባባ፦ አብዱም አፍ አለው። አሚን ማለት ወይም ዝም ማለት የራሱ ነው።

ይማም፦ ተቆጥቶ ተነስቶ ቢሄድስ? አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ ሳልጠግበው?

ሉባባ፦ ያን እኔን አትጠይቀኝ። ልሂድ፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ምን ትላለህ?

ይማም፦ ሉባባ።

ሉባባ፦ አቤት።

ይማም፦ ያን መድረክ ላይ ያለውን የኔን ወንበር አምጭና አንች ከምትቆሚበት አጠገብ አድርጊልኝ።

ሉባባ፦ ወገቤን ያመኛል። ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አንተው አውርደው።